ምስርና የዘሩ ካርታ

ምስር በአገራችን ገበታ ላይ ከማይታጡት ጥራጥሬዎች አንዱ ነው። በጾም ወራት ክኩ በበርበሬ ወጥ፣ ድፍኑም በሰናፍጭ አዚፋ ሆኖ ይቀርባል። ከመቶ 25 እጁ ያህል ፕሮቲን ስለ ሆነ ሥጋ እንደ ልቡ ለማያገኝ ቤተ ሰብ ብርቱ ምግብ ነው። ገበሬውም ምስርን የሚወደው ለምግብነቱ ብቻ አይደለም፤ በገበያ ጥሩ ዋጋ ያወጣለታል፤ ደግሞም በሥሩ ከሚኖሩት ጥቃቅን ተሕዋስያን ጋር ሆኖ ከአየር ናይትሮጅን እየወሰደ፣ በሚቀጥለው ዓመት ለሚዘራው ስንዴ ወይም ጤፍ መሬቱን ያዳብርለታል። ኢትዮጵያም ከአፍሪካ አገሮች መካከል ብዙ ምስር በማምረት የታወቀች ናት።

ነገር ግን ይህች ትንሽ ፍሬ ጠላቷ ብዙ ነው። በ1997 በሸዋ በጊምቢቹ ወረዳ ዋግ የተባለው በሽታ ተነሥቶ የብዙ ገበሬዎችን ምስር ጨርሶ አጠፋው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ዋግ ቅጠሉንና ግንዱን የዛገ ብረት በሚመስል ዱቄት የሚሸፍን የፈንገስ በሽታ ነው። ማሳው ሲያብብ አይቶ ዕዳውን በምስሩ ለመክፈል ያሰበ ገበሬ፣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከደረቀ ግንድ በቀር የሚያጭደው ነገር ያጣል። እንግዲህ ዋግን የሚቋቋም፣ ድርቅን የሚችል፣ ፍሬው የበረከተ ምስር ከየት ይገኛል? ቢገኝስ መልካሙ ጠባይ ወደ ሌላው ምስር እንዴት ይሸጋገራል?

እኔም ይህን ጽሑፍ የማቀርበው፣ ሊቃውንት የምስርን ጠቃሚ ጠባዮች በዘሩ ውስጥ ፈልገው የሚያገኙበትን፣ «የዘር ካርታ» የሚባለውን ዘዴ በሥነ ሕይወት ትምህርታችን ከተማርነው ጋር እያገናኘሁ ለክፍል ጓደኞቼ፣ ለመምህራኖቼና ለወላጆች ለማስረዳት ነው። የጽሑፌም ፍሬ ነገር አንድ ነው። ካርታ ራሱ ምስር አያበቅልም፤ ብዙ ዓመት የሚፈጀውን ፍለጋ ግን ያሳጥራል። የሚያሳጥረውም በማሳ ላይ አይቶ በትክክል የቆጠረ ሰውና የጥንቱን ዘር ጠብቆ ያቆየ ገበሬ ሲኖሩ ብቻ ነው።

የምስር ጥንተ ነገር

ሰው ምስርን መዝራት የጀመረው ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት በመካከለኛው ምሥራቅ፣ ዛሬ ሶርያና ቱርክ በሚባሉት አገሮች አካባቢ ነው። የዱር ወላጁም እስከ ዛሬ ድረስ በዚያው ይበቅላል። በዱሩና በእርሻው ምስር መካከል ካሉት ልዩነቶች ዋናው፣ የዱሩ ምስር በደረሰ ጊዜ ፍሬውን የያዘው ሽፋን በራሱ ፈንድቶ ፍሬውን መበተኑ ነው። ይህ ለዱር ተክል መልካም ነው፤ ዘሩን ይዘራለታልና። ለገበሬ ግን ጥፋት ነው፤ ማጭዱን ይዞ ሲደርስ ፍሬው መሬት ላይ ፈስሶ ይጠብቀዋል።

በጥንት ዘመን ከብዙዎቹ መካከል ሽፋናቸው ሳይፈነዳ የሚቆይ ጥቂት ተክሎች ተገኙ። ሰብሳቢው እጅ የገባው የእነዚህ ፍሬ ስለ ሆነ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ዘር ሆኖ የቀረውም እርሱ ነው። የኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጌዴዎን ላዲዚንስኪ በ1979 ባወጡት ጽሑፍ፣ የዱሩንና የእርሻውን ምስር አዳቅለው ልጆቻቸውን በመቁጠር ይህ ታላቅ ልዩነት በአንድ ጂን ብቻ የሚወሰን መሆኑን አስረድተዋል። ከዱር አውጥቶ ለአውድማ ያበቃን ጠባይ በአንዲት ጂን ላይ የተንጠለጠለ ነበር ማለት ነው።

በፍሬው ውስጥ ያለው ጽሑፍ

በትምህርታችን እንዳየነው የሕያው ፍጥረት ጠባይ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው በሴል ውስጥ ባሉት ክሮሞሶሞች አማካይነት ነው። ሰው 23 ጥንድ ክሮሞሶም ሲኖረው ምስር 7 ጥንድ አለው። በየክሮሞሶሙ ላይ ጂኖች ወይም ዘረ መሎች፣ በመንገድ ዳር እንደ ተሠሩ ቤቶች ተራ በተራ ተሰልፈዋል። ሁሉም የተጻፉበት ጽሑፍ ዲኤንኤ ይባላል። የዚህ ጽሑፍ ፊደላት አራት ብቻ ናቸው፤ በምስር ውስጥ ግን እነዚሁ አራቱ እየተደጋገሙ 4 ቢሊዮን ያህል ይሆናሉ። የሰው 3 ቢሊዮን ያህል ስለ ሆነ፣ የምስር ጽሑፍ በርዝመት ከእኛው ይበልጣል። ይህ ማለት ግን ምስር ከሰው የረቀቀ ነው ማለት አይደለም፤ ከጽሑፉ አብዛኛው ተደጋጋሚ ነውና።

ግሬጎር ሜንዴል በ1866 ባሳተመው ጽሑፍ የውርስን ሕግ ያስረዳው በአተር ነበር። አተር የምስር የቅርብ ዘመድ ሲሆን የክሮሞሶሙም ቁጥር እንዲሁ 7 ጥንድ ነው። ሜንዴል በአተር ያየውን እኛ በምስር ልናየው እንችላለን። ለምሳሌ የክኩን ቀለም እንውሰድ። ክኩ ቀይ የሆነ ንጹሕ ዘር፣ ክኩ ቢጫ ከሆነ ንጹሕ ዘር ጋር ቢዳቀል የመጀመሪያው ትውልድ ፍሬ ሁሉ ቀይ ይሆናል። ቀዩ አየለ፤ ቢጫው ግን ተሸሸገ እንጂ አልጠፋም። ይህ ትውልድ ተዘርቶ በራሱ ብናኝ ሲያፈራ፣ በሁለተኛው ትውልድ ከአራት ፍሬ ሦስቱ ያህል ቀይ፣ አንዱ ቢጫ ሆኖ ይወጣል። እንግዲህ የተሸሸገው ጠባይ የሚገለጠው በመቁጠር መሆኑን ልብ እንበል።

ማዳቀል የትዕግሥት ሥራ ነው

ምስርን ማዳቀል ቀላል አይደለም። አበባው ከአንድ ሴንቲሜትር ያነሰ ሲሆን፣ ገና ሳይከፈት በውስጡ ያለው ብናኝ በራሱ ሴቴ ክፍል ላይ ይራገፋል። ስለዚህ አዳቃዩ አበባው እንቡጥ ሳለ በቀጭን ወረንጦ ቀስ ብሎ ከፍቶ፣ ወንዴዎቹን ክፍሎች ብናኛቸውን ከመልቀቃቸው በፊት አንድ በአንድ ለቅሞ ማውጣት አለበት። ከዚያም ከሁለተኛው ወላጅ አበባ ብናኝ አምጥቶ ያስነካዋል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ከአንዱ አበባ የሚገኘው አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ነው፤ ብዙውም አበባ ሳይዝ ይረግፋል።

ካርታ ለመሥራት የሚፈለጉት ወላጆች በብዙ ነገር የሚለያዩ መሆን አለባቸው፤ አንዱ በሽታን የሚቋቋም፣ ሁለተኛው የሚሸነፍ፤ አንዱ ፍሬው ትልቅ፣ ሁለተኛው ትንሽ፤ አንዱ ቶሎ የሚያብብ፣ ሁለተኛው የሚዘገይ ቢሆን ይመረጣል። ከሁለቱ ከተወለዱት ልጆች እያንዳንዱ ለብቻው ተዘርቶ ከየአንዳንዱ አንድ ፍሬ ብቻ ይወሰዳል፤ እንዲህ እየተደረገ ስድስት ወይም ሰባት ትውልድ ያህል ይቀጥላል። በመጨረሻም እያንዳንዱ መሥመር ከዚያ ወዲያ ራሱን የሚመስል ብቻ የሚወልድ ንጹሕ ዘር ይሆናል። የእነዚህ መሥመሮች ጥቅማቸው ታላቅ ነው። አንዱ መሥመር በቢሾፍቱም፣ በሌላ አገርም፣ ዘንድሮም፣ ከአምስት ዓመት በኋላም ቢዘራ ዘሩ ያው ስለ ሆነ፣ በየቦታው የታየው ሁሉ በአንድ መዝገብ ላይ ሊደመር ይችላል።

ርቀት በቁጥር እንዴት ይለካል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። የአባትና የእናት ክሮሞሶሞች የዘር ሴል በሚሠሩበት ጊዜ ጎን ለጎን ሆነው ይጠላለፋሉ፤ በተጠላለፉበትም ስፍራ ተቆርጠው ቁራጮቻቸውን ይለዋወጣሉ። ይህን ለመረዳት ከጓደኞቼ ጋር በክፍል ውስጥ ያደረግነው ጨዋታ ይረዳል፤ ማንም ሰው በቤቱ ሊሞክረው ይችላል።

አንድ ቀይና አንድ ነጭ የጥጥ ክር፣ እያንዳንዳቸው አንድ ክንድ አድርጋችሁ ቁረጡ። በሁለቱም ላይ በእኩል ቦታ ሦስት ሦስት ቋጠሮ ቋጥሩ፤ ሁለቱ ቋጠሮዎች ተቀራርበው፣ ሦስተኛው ርቆ ይሁን። ክሮቹን ጎን ለጎን ዘርግታችሁ፣ ዐይኑ የታሰረ ልጅ ጣቱን በክሮቹ ላይ እንዳገኘ ያሳርፍ። በዚያ ስፍራ ሁለቱ ክሮች ተቆርጠው ቁራጮቻቸው ቢለዋወጡ የትኞቹ ቋጠሮዎች ከቀድሞ ጓደኞቻቸው እንደሚለያዩ መዝግቡ። ይህን 50 ጊዜ ብትደጋግሙት፣ ተቀራራቢዎቹ ቋጠሮዎች የሚለያዩት አልፎ አልፎ ብቻ ሲሆን፣ የተራራቁት ግን ብዙ ጊዜ እንደሚለያዩ ታያላችሁ። ክሮቹን በማስመሪያ ያልለካ ሰው እንኳ መዝገቡን ብቻ አይቶ የትኞቹ ቋጠሮዎች ጎረቤታሞች እንደ ሆኑ ሊናገር ይችላል።

የዘር ካርታ ማለት ይኸው ነው። ከ100 ልጆች በአንዱ ብቻ የሚለያዩ ሁለት ጂኖች ርቀታቸው 1 ሴንቲሞርጋን ነው ይባላል። ስሙ የተወሰደው በትናንሽ ዝንቦች ላይ ባደረገው ምርምር በ1933 የኖቤልን ሽልማት ከተቀበለው ከአሜሪካዊው ሊቅ ከቶማስ ሀንት ሞርጋን ነው። የመጀመሪያውን የዘር ካርታ የሠራው ግን ሞርጋን ራሱ ሳይሆን ተማሪው አልፍሬድ ስተርትቫንት ነበር። ስተርትቫንት በ1911 በኒውዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የ19 ዓመት ወጣት ሳለ፣ የዝንቦቹን ቁጥር ወደ ቤቱ ወስዶ በአንድ ሌሊት ካርታውን ነደፈው፤ በ1913ም ታተመ። ለእኛ ለተማሪዎች ይህ ታሪክ ደስ የሚያሰኝ ነው። ቁጥሩ በሁሉም ፊት ነበር፤ እርሱ ግን «ቁጥሩ ምን ይናገራል?» ብሎ ጠየቀው።

ዋርካውና ቤቱ

በምስር ላይ በዐይን የሚታዩ ጠባዮች ጥቂት ናቸው፤ የአበባ ቀለም፣ የክክ ቀለም፣ የቅርፊት ነጠብጣብና የመሳሰሉት። በእነዚህ ብቻ 7ቱን ጥንድ ክሮሞሶሞች መሙላት አይቻልም። ስለዚህ ተመራማሪዎች በዲኤንኤው ውስጥ ሌላ ምልክት ፈለጉ። በገጠር የሰው ቤት ሲጠየቅ «ከዋርካው አለፍ ብለህ» ይባላል። ዋርካው ቤቱ አይደለም፤ ነገር ግን ከሩቅ ይታያል፤ ለቤቱም ቅርብ ነው። የዲኤንኤ ምልክትም እንዲሁ ነው። ራሱ ጠቃሚው ጂን ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን በመመርመሪያ ቤት በቀላሉ ይታያል፤ ከጂኑም ጋር አብሮ ይወረሳል። ዋርካው ለቤቱ በቀረበ መጠን መንገደኛው የመሳሳቱ ነገር ይቀንሳል።

የምስር ካርታ እንዲህ እያለ አደገ። በ1984 ዛሚርና ላዲዚንስኪ በፕሮቲኖች ልዩነት ላይ ተመሥርተው አብረው የሚወረሱትን ጂኖች በየክፍላቸው መደቡ። በ1989 በአሜሪካ ሄቪና ሚውልባወር የዲኤንኤ ምልክት የገባበትን ካርታ አወጡ። በ1992 የአተርና የምስር ካርታዎች ጎን ለጎን ሲታዩ የጂኖቹ ተራ በብዙ ቦታ አንድ ሆኖ ተገኘ፤ በዚህም በአተር የታወቀው ነገር ለምስር መንገድ መሪ ሆነ። በ1998 ኢካርዳ የተባለው በደረቅ አገሮች እርሻ ላይ የሚመራመረው ዓለም አቀፍ ድርጅት ከባልደረቦቹ ጋር 177 ምልክቶች ያሉበትን ካርታ አሳተመ። በ2013 ደግሞ በካናዳ በአንዲት የዲኤንኤ ፊደል ልዩነት ላይ የተመሠረቱ 537 ምልክቶች የተሰለፉበት ካርታ ወጣ። ጠቅላላ ርዝመቱ 835 ሴንቲሞርጋን ያህል ሲሆን፣ ምልክቶቹ በ7 ክፍል ተመደቡ፤ ይህም ከ7ቱ ጥንድ ክሮሞሶሞች ጋር ገጠመ። በ2016 በካናዳ በሰስካችዋን ዩኒቨርሲቲ የተመራው ቡድን የምስርን ጠቅላላ የዲኤንኤ ጽሑፍ የመጀመሪያ ረቂቅ አስታወቀ።

እዚህ ላይ አንድ ስሌት እንሥራ። 4 ቢሊዮን ፊደል ለ835 ሴንቲሞርጋን ሲካፈል ለአንዱ ሴንቲሞርጋን በአማካይ ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ፊደል ይደርሳል። እንግዲህ በካርታው ላይ «በጣም ቅርብ» የሚባለው ምልክት እንኳ ከጂኑ በሚሊዮን ፊደላት ሊርቅ ይችላል። ካርታው መንደሩን ያሳያል፤ ቤቱን ለማግኘት ገና በየደጁ ማንኳኳት ያስፈልጋል።

ካርታው ለገበሬ ምን ጠቀመ?

የመጀመሪያው ምሳሌ የሚያጠወልገው በሽታ ነው። ይህ ፈንገስ ከመሬት ውስጥ በሥሩ ገብቶ የውኃ መተላለፊያውን ስለሚዘጋው ምስሩ ቆሞ ሳለ ይደርቃል። በ1998 በታተመ ምርምር፣ በአንድ ድቅል ውስጥ ይህን በሽታ የመቋቋም ጠባይ በአንድ ጂን የሚወሰን መሆኑ ታወቀ፤ ከጂኑም 10.8 ሴንቲሞርጋን የሚርቅ የዲኤንኤ ምልክት ተገኘ። ይህ ማለት አዳቃዩ በምልክቱ ብቻ ቢመርጥ ከ100 ልጆች ወደ 11 ያህሉ ያሳስቱታል ማለት ነው። ስሕተቱን የሚቀንስበትም ዘዴ አለ። በጂኑ ግራና ቀኝ ሁለት ምልክቶች፣ እያንዳንዳቸው 10 ሴንቲሞርጋን ርቀው ይገኛሉ እንበል። ሁለቱም ምልክቶች ከተወረሱ ጂኑ ሊጠፋ የሚችለው በሁለቱም ወገን መቆረጥ ሲደርስ ብቻ ነው። ከአሥር አንድ ጊዜ ከአሥር አንድ፣ ከመቶ አንድ ይሆናል። ሁለት ዋርካ ከአንድ ዋርካ ይሻላል።

ሁለተኛው ጥቅም ከዚህ ይበልጣል። አንድን በሽታ የሚቋቋሙ ሁለት ልዩ ልዩ ጂኖች ቢኖሩና አዳቃዩ ሁለቱንም በአንድ ተክል ላይ ለመሰብሰብ ቢፈልግ፣ በዐይን መለየት ከባድ ነው። አንዱን ጂን የያዘውም፣ ሁለቱን የያዘውም ተክል በማሳው ላይ እኩል ጤነኛ ሆኖ ይታያልና። ይሁን እንጂ ልዩነታቸው ቆይቶ ይገለጣል። በሽታው ጠባዩን ለውጦ አንዱን ጂን ቢያሸንፍ ባለ አንዱ ይወድቃል፤ ባለ ሁለቱ ግን ይቆማል። ምልክት ያለው አዳቃይ ከትንሽ ቡቃያ ቅጠል ቆርጦ መርምሮ ሁለቱን የያዘውን ይለያል። በካናዳ በ2003 የታተመ ሥራ ይህንኑ ዘዴ ቅጠልን በሚያጠቁ ሁለት በሽታዎች ላይ ሥራ ላይ አውሎታል።

ሦስተኛው ምሳሌ የአበባ ጊዜ ነው። የሕንድና የአካባቢዋ ምስር ለረጅም ዘመን ከሌላው ዓለም ምስር ተለይቶ ኖረ፤ ምክንያቱም የመካከለኛው ምሥራቅ ምስር በዚያ ቢዘራ የሚያብበው የአገሬው ምስር በሚታጨድበት ጊዜ ነበር። ሳይገናኙ ደግሞ መዳቀል የለም። በኋላ ፕሬኮዝ የተባለ፣ ከአርጀንቲና የተገኘ፣ ቶሎ የሚያብብ ምስር ወደዚያ ገብቶ ከአገሬው ጋር ተዳቀለ፤ በዚህም አዲስ ጠባይ ሊገባ ቻለ። በ1999 የታተመ ምርምር፣ ቶሎ የማበቡ ጠባይ በአብዛኛው በአንድ ጂን የሚወሰንና ከቅርፊቱ ነጠብጣብ ጂን ጋር የሚጎራበት መሆኑን አሳየ። በ2012 ደግሞ ሊቃውንት የአተርን ካርታ መሪ አድርገው ይህን ጂን ራሱን አገኙት፤ ተክሉ የቀኑን ርዝመት የሚለካበትን ውስጣዊ ሰዓት ከሚያስተካክሉት ጂኖች አንዱ ነበር። ዋርካውን አልፈው የቤቱን በር ከፈቱ ማለት ነው።

ደቦ የሚሠሩ ጂኖች

ይሁን እንጂ ሁሉ ጠባይ በአንድ ጂን አይወሰንም። የፍሬ ብዛት፣ የፍሬ ትልቅነት፣ ድርቅን መቻል፣ በፍሬው ውስጥ ያለው የብረትና የዚንክ መጠን፣ እነዚህ ሁሉ የብዙ ጂኖች የጋራ ሥራ ናቸው። ይህን በደቦ መመሰል ይቻላል። አንድ ማሳ በደቦ ታጭዶ ሲያልቅ የማን እጅ ምን ያህል እንዳጨደ ከክምሩ ላይ ማንበብ አይቻልም። ነገር ግን በብዙ ቀንና በብዙ ማሳ ላይ እነማን እንደ ነበሩና እነማን እንዳልነበሩ ቢመዘገብ፣ እገሌ በነበረበት ቀን ክምሩ ከፍ ይል እንደ ነበር ይታወቃል። ተመራማሪዎችም በመቶ የሚቆጠሩትን መሥመሮች ዘርተው፣ ፍሬያቸውን መዝነው፣ ይህን ምልክት የወረሱት በአማካይ ካልወረሱት ይበልጡ እንደ ሆነ ያወዳድራሉ። እንዲህ በማድረግ ከፍሬ መጠንና ከብረት ይዘት ጋር የተያያዙ ስፍራዎች በምስር ካርታ ላይ ተመልክተዋል።

የብረት ነገር ቀላል አይደለም። በምግብ ውስጥ የብረት ማነስ ደም ማነስን ያመጣል፤ በተለይም እናቶችንና ሕፃናትን ይጎዳል። በኢካርዳ ተዳቅሎ በቢሾፍቱ (ደብረ ዘይት) የእርሻ ምርምር ማዕከል ከተፈተነ በኋላ በ1990ዎቹ መጨረሻ ለገበሬ የተሰጠው «አለማያ» የተባለው ምስር ዋግን በመቋቋሙ ታወቀ፤ በኋላም ሲመረመር በብረትና በዚንክ የበለጸገ ሆኖ ተገኘ። ዋግ እርሻውን ላወደመበት ወረዳ ይህ ምንኛ ታላቅ ነገር እንደ ነበረ ማሰብ አያዳግትም።

ካርታው የማይሠራው ነገር

ካርታን ከመጠን በላይ ማመስገን ተገቢ አይደለም። በአንድ ድቅል የተገኘ ምልክት በሌላ ድቅል ላይረዳ ይችላል፤ በዚያኛው መንደር ዋርካው ከቤቱ በስተግራ ሳይሆን በስተቀኝ ሊሆን ይችላልና። በሽታውም ዝም ብሎ አይጠብቅም፤ ዛሬ የሚቋቋመው ጂን ነገ ሊሸነፍ ይችላል። ከሁሉም በላይ ካርታው በማሳ ላይ ከተደረገው ምርመራ አይበልጥም። ተመራማሪው የታመመውን ጤነኛ፣ ጤነኛውን የታመመ ብሎ ከመዘገበ፣ እጅግ ውድ የሆነው መሣሪያ ጂኑን በሌለበት ስፍራ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ በጭቃ ውስጥ ቆሞ «ይህ መሥመር ከመቶ ስንት እጁ በዋግ ተይዟል?» እያለ የሚጽፈው ሰው ሥራ ከመመርመሪያ ቤቱ ሥራ አያንስም።

ሌላም ነገር አለ። ካርታው የሚያገኘው ያለውን ጂን ብቻ ነው፤ የጠፋውን ሊፈጥረው አይችልም። የኢካርዳ ዋና ጣቢያ በሶርያ በሐለብ ከተማ አጠገብ ነበር፤ በዚያም በሺህ የሚቆጠር የምስር ዘር ዓይነት ተቀምጦ ነበር። ድርጅቱ የዘሩን ቅጂ በኖርዌይ በስቫልባርድ፣ በበረዶ አገር በተራራ ውስጥ ወደ ተሠራው የዘር ጎተራ አስቀድሞ ልኮ ስለ ነበር፣ በሶርያ ጦርነት ተነሥቶ ሥራው በተሰናከለ ጊዜ በ2015 ዘሩን ከዚያ አስመልሶ በሊባኖስና በሞሮኮ እንደገና ማባዛት ቻለ። ከዚያ ጎተራ ዘር ወጥቶ ሲወሰድ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ለክፉ ቀን የተቀመጠ ዘር ለክፉ ቀን ደረሰ።

በአገራችንም በ1976 የተቋቋመው የዘር ማስቀመጫ፣ ዛሬ በኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሥር ሆኖ ከየአውራጃው የተሰበሰበውን የገበሬ ዘር ይጠብቃል። ከምስር የዱር ዘመዶችም አንዱ፣ ፍሬው በጣም ትንሽ የሆነው፣ ከሜድትራንያን አገሮች አልፎ እስከ ኢትዮጵያ ድረስ ይገኛል። ማንም የማይዘራው ይህ ሣር መሰል ተክል፣ በካናዳ ማሳዎች ላይ ጉዳት ለሚያደርስ በሽታ የመቋቋሚያ ጂን የተገኘበት ዘመድ ነው። ዛሬ ከንቱ የሚመስለው ነገ ምን እንደሚጠቅም አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

ለክፍል ጓደኞቼና ለወላጆች

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ ከዚህ ትምህርት ለእኛ የሚሆን ሁለት ነገር አያለሁ። የመጀመሪያው፣ የመቁጠርና የመመዝገብ ልማድ ነው። የስተርትቫንት ካርታ የተሠራው በእርሳስና በወረቀት ነበር፤ የላዲዚንስኪም ግኝት የተክሎችን ልጆች በትዕግሥት ከመቁጠር የመጣ ነው። እኛም በትምህርት ቤታችን የአትክልት ስፍራ ሁለት ዓይነት ምስር ጎን ለጎን ዘርተን፣ የበቀለበትን፣ ያበበበትንና የደረሰበትን ቀን ብንመዘግብ ይህን ጥበብ መለማመድ እንጀምራለን።

ሁለተኛው፣ የዘር ነገር ነው። ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ አያቶቻችን የሚዘሩት ምስር ስሙ ማን እንደሚባል፣ ቀለሙና የፍሬው መጠን ምን እንደሚመስል፣ በዋግ ዓመት እንዴት እንደ ሆነ ጠይቀን እንጻፍ። አዲስ ዘር ገብቶ አሮጌው ሲተው፣ ከአሮጌው ጋር ማንም ያልመረመረው ጂን አብሮ ይሄዳል። ወላጆችም አዲሱንና የተሻለውን ዘር ሲዘሩ ከጥንቱ ዘር ጥቂት ቁና ለይተው እንዲያስቀምጡና በየዓመቱ በትንሽ መደብ እንዲያድሱት በትሕትና እለምናለሁ። ሊቃውንት ካርታውን በየጊዜው ያሻሽሉታል፤ በካርታው የሚፈለገው ዘር ግን በእኛ ጎተራ ውስጥ ነው።